ፓምፕ የሌላት ሞተር ሳይክል ቤንዚን ሲያንሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቦክሰር፣ በየወረዳው ባለሙያ የሚነዳት የድሮዋ ያማሃ ኤጂ 100፣ የቻይና 125 እና 150 ሲሲ ሞተሮች፦ እነዚህ የነዳጅ ፓምፕ የላቸውም። ታንከሩ ከላይ፣ ካርቡሬተሩ (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው) ከታች ነው፤ ቤንዚኑ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በዚያች አጭር መንገድ ላይ ስለሚገጥሙ ችግሮች ናቸው። ኢንጀክሽን ያላቸው (ቤንዚን በፓምፕ ግፊት የሚረጭላቸው) አዳዲስ ሞተሮችና ታንከራቸው ከመቀመጫ በታች የሆኑ ስኩተሮች አሠራራቸው ስለሚለይ እዚህ የሉም።

ችግሩ የቤንዚን ይሁን የእሳት በምን አውቃለሁ?

የእሳት (የካንዴላው ብልጭታ) ችግር ብዙውን ጊዜ ድንገት ቁርጥ ያደርጋታል። ቤንዚን ያነሳት ሞተር ግን ቀስ በቀስ ነው የምትደክመው። በሦስተኛ ማርሽ ደህና ስትሄድ ቆይታ ዳገት ላይ እጀታው ተጠምዝዞ ነዳጅ ሲጨመርላት ታንገራግራለች፣ ሳል ሳል ይላታል፣ ከዚያ ትጠፋለች።

ቀላሉ መፈተኛ ቾክ ነው፤ ድብልቁ ላይ ቤንዚን የሚያበዛው መሳቢያ ማለት ነው። መድከም ስትጀምር ቾኩን ግማሽ ድረስ ሳቡት። ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ከዘራች ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። ጭራሽ ከባሰባትና ጥቁር ጭስ ከተፋች ግን ቤንዚኑ በዝቷል፤ ያኔ ከታች ያሉት አብዛኞቹ መልሶች አይጠቅሟችሁም። ካንዴላውም ይናገራል፦ እንደጠፋች ወዲያው ፈትታችሁ ስታዩት ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ ጥቁርና ርጥብ ከሆነ ደርሶ ተርፏል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከአዋሽ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃን ስትደርሱ ጉልበቷ የሚቀንሰው አየሩ ስለሳሳ ነው፤ ቤንዚን ስላጣች አይደለም። ለቆላው የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ላይ እንዲያውም ቤንዚን ያበዛል። ይህን ከቤንዚን እጥረት ጋር አምታተው ጄቱን (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በትልቅ የሚቀይሩ ሰዎች ነገሩን ያባብሱታል።

ካርቡሬተሩን ልፍታው?

ገና ነው። ብዙ ጋራዥ መጀመሪያ እጁን የሚሰድደው ካርቡሬተሩ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን ከሱ በላይ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ቤንዚኑ በሚሄድበት ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ውረዱ፦ የታንከሩ ክዳን፣ የቤንዚኑ መክፈቻ፣ ጎማው (ቤንዚኑን የሚያወርደው ቱቦ)፣ ፊልትሮው፣ የካርቡሬተሩ መግቢያ፣ መጨረሻ ላይ ጄቱ።

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ጎማውን ከካርቡሬተሩ በኩል ነቅላችሁ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡት፤ መክፈቻውን ክፈቱና በስልካችሁ አንድ ደቂቃ ያዙ። ክዳኑ እንደተዘጋ ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይመጣል።

ስንት ይውረድ? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 12 የፈረስ ጉልበት ያላት 150 ሲሲ ሞተር እስከ መጨረሻው ነዳጅ ተሰጥቷት ስትሮጥ በሰዓት 4 ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ በደቂቃ ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከጎማው በነጻ የሚወርደው ቢያንስ የዚህ እጥፍ ካልሆነ ችግሩ ከካርቡሬተሩ በላይ ነው፤ ካርቡሬተሩን አትንኩት። 150 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ሲወርድ እኔ ታንከሩንና ጎማውን ነጻ አደርጋቸዋለሁ፤ ግን ሁለት ነገር ካየሁ በኋላ ነው። አንደኛ፣ ፍሰቱ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ሳይቀንስ መቀጠል አለበት። ሁለተኛ፣ ፈተናው ታንከሩ ሲጎድልም ይደገም፤ ሙሉ ታንከር ከላይ የሚጫነው ክብደት ስላለው ጉድለቱን ይሸፍናል።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ አጠገባችሁ ቡና የሚፈላበት ከሰል እንዳይኖር። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ከራቀ ፍም እሳት ይዞ ይመለሳል። ጎማውን በአፍ መሳብም ይቅር፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ቤንዚን ሆስፒታል ያደርሳል።

አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ከነዳሁ በኋላ ትጠፋለች፤ ትንሽ ስቆም ትነሳለች። ምንድን ነው?

የታንከሩ ክዳን። ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ክዳኑን ሳላይ ሌላውን አልፈልግም።

ቤንዚን ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት። ለዚህ ክዳኑ ላይ በጣም ቀጭን ቀዳዳ ተሠርቶለታል፤ አቧራና ጭቃ ሲደፍነው ወይም ከገበያ የተገዛው ምትክ ክዳን ጭራሽ ቀዳዳ ከሌለው ታንከሩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ይሄድና ቤንዚኑን ወደ ኋላ ይዞ ያስቀረዋል። የሚያስገርመው ይህን ለማድረግ የሚበቃው ኃይል ትንሽነት ነው። ታንከሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከካርቡሬተሩ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል የሚፈጥረው ግፊት 0.02 ባር እንኳ አይሞላም፤ በደንብ የተነፋ የእግር ጎማችሁ ውስጥ ያለው ግፊት የዚህ መቶ እጥፍ ገደማ ነው። ኢንጀክሽን ያላት ሞተር ፓምፕ ወደ 3 ባር ይገፋል፤ ፊልትሮው ቆሸሸ፣ ጎማው ተጣመመ ብሎ አይጨነቅም። የእናንተዋ ግን ያላት ይህችው ብቻ ናት፤ እዚህ ላይ ከሚዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩትም ከዚህ ነው።

ፈተናው ይህን ይመስላል። ልትጠፋ ስትል ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጋችሁ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከገባና ወዲያው ከተነሳች ጥፋተኛው ተገኝቷል። ሌላም ምልክት አለ፦ ታንከሩ ሞልቶ ሳለ ቶሎ ትጠፋለች፣ ሲጎድል ግን ረዘም ያለ መንገድ ትሄዳለች። ባዶው ቦታ ሲሰፋ ውስጡ ያለው አየር ለመሳሳት ጊዜ ስለሚወስድበት ነው። ሰዉ ግን «ሙሉ ነው እኮ!» ብሎ ቤንዚኑን ከጥርጣሬ ስለሚያወጣ ካንዴላና ኮይል ሲቀይር ይከርማል።

ክዳኑን በቤንዚን አጥባችሁ ቀዳዳውን በኮምፕሬሰር ንፉት። አንዳንዱ ክዳን ውስጥ ሞተሯ ስትወድቅ ቤንዚን እንዳይፈስ የምታግድ ትንሽ ኳስ አለች፤ እሷ ተጣብቃም ይሆናል። ክዳኑን በምስማር መብሳት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ በክረምት ዝናቡን ወደ ታንከሩ የምታስገቡት ግን በዚያች ቀዳዳ ነው።

ጎማው በደንብ ያወርዳል፤ ካርቡሬተሩ ግን አይሞላም።

እንግዲህ ወደ ካርቡሬተሩ ደርሰናል። አሁንም መፍታት አያስፈልግም። ከታች ቤንዚን የሚጠራቀምባት ኩባያ አለች፤ ግርጌዋ ላይ ቤንዚን ማውጫ ብሎን ታገኛላችሁ። ጎማውን መልሳችሁ ስኩት፣ መክፈቻውን ክፈቱ፣ ብሎኑን በካቻቪቴ አላሉት። መጀመሪያ የተጠራቀመው ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ቀጭንም ቢሆን ያልተቋረጠ ፍሰት መኖር አለበት።

ተጠራቅሞ የነበረው ከወረደ በኋላ ጠብ ጠብ ብቻ ካለ መግቢያው ላይ ያለችው፣ ቤንዚኑን የምትከፍትና የምትዘጋው መርፌ ተጣብቃለች፣ ወይም ከሷ በላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት ተደፍናለች። ለወራት የቆመች ሞተር ላይ ቤንዚኑ ደርቆ እንደ ሙጫ ስለሚሆን የመርፌዋን ጫፍ ይይዘዋል። በካቻቪቴ እጀታ ኩባያዋን ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ አንዳንዴ ያላቅቃታል፤ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ቤት ያደርሳል። ቤት ስትገቡ ግን ኩባያዋ ትፈታ፣ መርፌዋን የሚያንቀሳቅሰው ተንሳፋፊ ይውጣ፣ መርፌዋም ወንፊቷም ይጽዱ።

ብሎኑ ሲላላ ፍሰቱ ጥሩ ሆኖ ሲጠብቅ ሞተሯ የምትቸገር ከሆነ ደግሞ ኩባያዋ አየር አጥታለች። ከካርቡሬተሩ ጎን ወጥቶ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ማንም ልብ የማይለው ቀጭን ላስቲክ አለ፤ የኩባያዋ መተንፈሻ እሱ ነው። በጭቃ ሲደፈን ወይም ሲጣመም ባዶዋ ኩባያ ስትሞላ አየሩ መውጫ ያጣል፤ ስትነዱ ደግሞ ቤንዚኑን ወደ ጄቱ የሚገፋው አየር አይገባም። ወንዝ ስታቋርጡ መሀል ላይ የምታንገራግር ሞተርም ብዙ ጊዜ ውኃ ገብቶባት አይደለም፤ የዚያ ላስቲክ ጫፍ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ነው። ወንዝ የሚበዛበት አገር የሚሠሩ ሰዎች ላስቲኩን በሦስት አፍ ማያያዣ ከፍለው አንዱን ጫፍ ወደ ታንከሩ ሥር ከፍ አድርገው ያስሩታል፤ ጥሩ ብልሃት ነው።

በዝቅተኛ ፍጥነት ደህና ናት፤ ነዳጅ አብዝቼ ስሰጣት ነው የምትደክመው።

ተንሳፋፊው ዝቅ ብሎ ተስተካክሎ ይሆናል። ኩባያዋ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከሚገባው በታች ሲሆን ለሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጣት ቆማ ስትሠራ) ይበቃል፣ ለሩጫ ያልቃል። ትክክለኛው ከፍታ በሚሊ ሜትር የተወሰነ ሲሆን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ ከመመሪያው ወይም ካርቡሬተሩን ከሚያውቅ ሰው ውሰዱት እንጂ በግምት አትሂዱ። ሲለካ ካርቡሬተሩን ዘንበል ታደርጉትና የተንሳፋፊው ምላስ መርፌዋን ነካ ሲያደርግ፣ በመርፌዋ ጀርባ ያለችውን ስፕሪንግ ግን ሳይጫን ይለካል። ምላሱ ብረት ከሆነ በፒንሳ በጣም በትንሹ ይታጠፋል። ሙሉ በሙሉ ፕላስቲክ የሆነው ግን አይስተካከልም፤ ይቀየራል።

«ኦን» ላይ ትጠፋለች፤ «ሪዘርቭ» ላይ ትሄዳለች። ቤንዚን ግን አለ።

መክፈቻው ታንከር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ አለው። «ኦን» ላይ ቤንዚን የሚወሰደው ከቱቦው ጫፍ፣ ከፍ ካለ ቦታ ነው፤ «ሪዘርቭ» ላይ ከታንከሩ ወለል። የላይኛው ወንፊት ከተደፈነ እናንተ ያያችሁት ይሆናል። ተገላቢጦሹም አለ፦ ሪዘርቭ ላይ ብቻ የምትጠፋ ከሆነ ወለሉ ላይ ዝገት ወይም ውኃ ተኝቷል። መክፈቻውን ከታንከሩ ስትፈቱ ጎሚኒውን (የላስቲክ ማሸጊያውን) ጠብቁት፤ ከተጎዳ በሲሊኮን አትተኩት። ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና እየተቆራረሰ ራሱ መንገዱን ይዘጋዋል።

አንዳንድ የጃፓን ሞተሮች መክፈቻቸው ሞተሩ ሲሽከረከር ብቻ በሚስበው አየር ይከፈታል፤ «ኦፍ» የሚል ላይኖረው ይችላል፣ በቦታው «ፒአርአይ» (PRI) ተጽፎበታል። እነዚህን በጠርሙስ ስትፈትኑ «ፒአርአይ» ላይ አድርጉት። እዚያ ላይ ደህና አውርዶ «ኦን» ላይ የሚያስቸግር ከሆነ ውስጡ ያለችው ስስ ላስቲክ ተቀድዳለች ወይም ወደ ሞተሩ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቃለች።

ፊልትሮው ግማሽ ብቻ ነው የሚሞላው። ይህ ችግር ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ የለካችሁት ፍሰት በቂ ከሆነ በመስታወቱ ስለሚታየው አረፋ አትጨነቁ። ችግር የሚሆነው ለመኪና የተሠራ፣ ውስጡ የታጠፈ ወረቀት ያለው ፊልትሮ ስትገጥሙ ነው፤ ያንን ወረቀት በፓምፕ ነው የሚሻገረው። ለእናንተ የሚሆነው የናይለን ወይም የነሐስ ወንፊት ያለው ትንሹ ነው። መክፈቻው ውስጥ ደህና ወንፊት ካለና ታንከሩ ካልዛገ ባይኖርስ እላለሁ።

ጎማው መንገድ ላይ ወደ ላይ ከፍ ብሎ እንደገና ከወረደ ከፍታው ላይ አየር ይታፈናል። ከመክፈቻው እስከ ካርቡሬተሩ ሳይቋረጥ ቁልቁል እንዲሄድ አሳጥሩት። ረጅም ጎማ ለፊልትሮ ቦታ ይሰጣል ብለው የሚያስረዝሙ አሉ፤ ሲታጠፍ ግን መንገዱን ራሱ ይዘጋዋል።

የግሉኮስ ቱቦ ብጠቀምስ?

ለአንድ ቀን፣ ሌላ ከጠፋ። ውስጡ ጠባብ ነው፣ ቤንዚን ሲቆይበት ይደርቃል፣ ሙቀት ሲያገኘው ተጨማድዶ ይጣበቃል። ውስጡ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር የሆነ የቤንዚን ጎማ ግዙ።

ቆላ ላይ፣ በተለይ ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ትጠፋብኛለች።

የቤንዚኑ ቀላል ክፍል 40 ዲግሪ እንኳ ሳይደርስ መፍላት ይጀምራል። ከጎሃ ጽዮን ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዳችሁ፣ በዚያ ሙቀት ዳገቱን ወደ ደጀን በሁለተኛ ማርሽ ስትያያዙት ሞተሩ ግሎ ነፋስ አያገኝም። ጎማው የሲሊንደሩን ራስ የሚነካ ከሆነ ውስጡ ያለው ቤንዚን ወደ ትነት ይለወጣል፤ ያቺ ደካማ ግፊት ደግሞ ትነቱን ገፍታ ማስወጣት አትችልም። በጣም የሚብሰው ፎቶ ለመነሳት አጥፍታችሁ ስትቆሙ ነው፤ ነፋሱ ይቆማል፣ የብረቱ ሙቀት ግን ወደ ካርቡሬተሩ መውጣቱን ይቀጥላል።

ጥላ ፈልጉ፣ ጎማውን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ውኃውን የጋለው ሲሊንደር ላይ አታፍስሱት። ጉዞ ከመጀመራችሁ በፊት ጎማውን ከሲሊንደሩ አርቃችሁ ማሰር ግን ከሁሉ ይበልጣል። ካርቡሬተሩና ሲሊንደሩ መካከል ያለውን ወፍራም የፕላስቲክ ማገጃ አንዳንድ ሰው ሲፈታ ይጥለዋል፤ እሱ የተቀመጠው ሙቀት እንዲያግድ ነውና ይመለስ።

ቤንዚኑ ውስጥ ውኃ እንዳለ እንዴት አውቃለሁ?

ከኩባያዋ ብሎን ያወረዳችሁትን በንጹሕ ጠርሙስ አስቀምጡትና ጥቂት ደቂቃ ተዉት። ውኃ ስለሚከብድ ከታች ተለይቶ ይተኛል፤ መስመሩ በዓይን ይታያል። ማደያ በሌለበት ቦታ በጀሪካንና በጠርሙስ የሚሸጠውን የሚቀዱ ሰዎች ይህን ልማድ ቢያደርጉት ጥሩ ነው። ቤንዚን በጨርቅ ማጥለል አሸዋውን ይይዛል፣ ውኃውን ግን ያሳልፈዋል። ክረምት ላይ ግማሽ ታንከር ይዛ የምታድር ሞተርም በራሷ ጊዜ ውኃ ታጠራቅማለች፤ ማታ ማታ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ የታንከሩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል። ዝገቱም የሚጀምረው እዚያው ነው።

ጄቱን በሽቦ ብወጋው?

የሚኒሞው ጄት ቀዳዳ ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የብረት ሽቦ ነሐሱን ይፍቀውና መጠኑን ያበላሸዋል። ካርቡሬተር ማጽጃ ንፉበትና ኮምፕሬሰር ስጡት፤ እንቢ ካለ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዝዛችሁ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ። ወደ ብርሃን አዙራችሁ ስታዩት ቀዳዳው ድፍን ክብ ሆኖ መታየት አለበት።

ታንከሩን ሳወዛውዘው ቤንዚን ይሰማኛል፤ ሞተሯ ግን አትነሳም።

ታንከሩ የፍሬሙን ብረት እንደ ኮርቻ ግራና ቀኝ ተቀምጦበታል፤ መክፈቻው ግን በአንድ በኩል፣ ብዙውን ጊዜ በግራ ነው። በቀኝ ያለው ቤንዚን ጉብታውን መሻገር አይችልም። ክዳኑ በደንብ መዘጋቱን አይታችሁ ሞተሯን ወደ መክፈቻው በኩል በደንብ አጋድሏት፤ ቤንዚኑ ይሻገርና እስከ ቀጣዩ ከተማ ሊያደርሳችሁ ይችላል። መክፈቻው ከታንከሩ ኋላ በኩል ከሆነ ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቤንዚኑ ወደ ፊት ስለሚሸሽ ሪዘርቭ ላይ ያለች ሞተር ልትጠፋ ትችላለች፤ ሜዳ ላይ ቁሙና ጠብቁ።

የእኔስ ተቃራኒው ነው፤ ከታች ይንጠባጠባል።

መርፌዋ አልዘጋችም፦ ቆሻሻ ይዟታል፣ ጫፏ ላይ ቀለበት የሚመስል መስመር ተቀርጾባታል፣ ወይም ተንሳፋፊው ተቀድዶ ቤንዚን ጠጥቶ ሰጥሟል። ጆሮ ላይ አድርጋችሁ ስታወዛውዙት ውስጡ ከተንቦጫቦጨ ተቀድዷል። ይህን «ትንሽ ናት» ብላችሁ አትለፉት። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደሩ ከገባ የፒስተኑን ቀለበቶች አልፎ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል (ኤጂ 100 ባለ ሁለት ምት ስለሆነች ይህ የዘይት ነገር አይመለከታትም)። ዘይት መለኪያውን አውጡና አሽትቱት፤ ቤንዚን ከሸተተ ወይም ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ካለ ሳትቀይሩት አታስነሷት። እስኪጠገን ድረስ ስታቆሟት ሁልጊዜ መክፈቻውን ዝጉ።

ትንሽ የቤንዚን ፓምፕ ብገጥምላትስ?

አትግጠሙ። የነዚህ ካርቡሬተሮች መርፌ የተሠራችው ያቺን 0.02 ባር ገደማ የሆነች ግፊት እንድትይዝ ነው። የመኪና ካርቡሬተር ፓምፕ ከ0.2 ባር በላይ ይገፋል፤ መርፌዋን ከፍቷት ያልፍና ካለፈው ጥያቄ ጋር ያገናኛችኋል። ለፓምፑ የምታወጡት ገንዘብ አዲስ መርፌ፣ ጎማና ክዳን ገዝቶ ይተርፋል።